ከቀዩ መስመር በታች አይሸጥም

አዲስ አበባ፣ ግንቦት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ደስታነሽ፣ ቡሬ።

ክረምቱ ሳይገባ የላክሁት ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና ያግኝዎ። እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። ጎረቤቶችን ሁሉ፣ ይልቁንም አያ ክንዱንና እመት እታለምን፣ ክንፈሚካኤል እጅ ይነሣል ይበሉልኝ።

ሰላምታውን ከዚህ ላይ ልግታና የተናደድሁበትን ልንገርዎ። ሾፌሩ ተስፋው ትናንት መጥቶ ኩባንያው በሱቅዎ ባቆመው መደርደሪያ ላይ የቅቤ ቅል፣ ሁለት ጉንጉን ነጭ ሽንኩርትና የመሪጌታ ወልደ ገብርኤልን ጃንጥላ አየሁ አለኝ። አክስቴ፣ መደርደሪያው የርስዎ አይደለም። የቆመው በርስዎ ቤት ነው፤ የተሠራው ግን በኩባንያው ጣውላ ነው፣ የሚቀመጥበትም የኩባንያው ዕቃ ብቻ ነው። ውሉን ባነበብሁልዎ ቀን ይህን ሰምተው እሺ ብለዋል፤ አውራ ጣትዎንም አትመዋል።

አሁንም መሪጌታ ያንብቡልዎትና በደንብ ይስሙኝ። ሳሙናውም ሻይ ቅጠሉም የተጻፈበት ፊቱ ወደ ገዢው ይዙር። አቡጀዲው በሥርዓት ተጣጥፎ ከላይ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን በየክፍሉ ቋሚ እንጨት ላይ ያሰመርሁትን ቀይ መስመር አይርሱ። ክምሩ ከመስመሩ ዝቅ ብሎ ተቆጣጣሪው ያገኘው እንደሆነ ውሉ በዚያው ቀን ይፈርሳል፣ ዕቃው ተጭኖ ይሄዳል፣ ዋስዎ መሪጌታም በዳኛ ፊት ይጠየቃሉ። ተቆጣጣሪው መቼ እንደሚመጣ ለማንም አይናገርም። ዕቃው እየተሸጠ ሲሄድ በመኪና እያመጣን የምንሞላው እኛ ነን፤ የርስዎ ሥራ መሸጥና መደርደሪያውን ማስከበር ነው።

ይህን ሥራ ለአክስቴ ስጡልኝ ብዬ አለቆቼ ፊት የቆምሁት እኔ ነኝ። እንዳያሳፍሩኝ። ቅቤውን ዛሬውኑ ያውርዱልኝ።

የእህትዎ ልጅ
ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ ሰኔ ፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለክንፈሚካኤል።

የደጃችን ታቦት ካየነውም ካላየነውም ክፉ ይሰውርህ። እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ። ክንዱም ሚስቱ እታለምም አሉ። ክንዱ የእኔን ማሳ ትናንት አርሶ ጨረሰልኝ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ በሬዎቹን ከራሱ እርሻ አስቀድሞ ለእኔ እንደሚጠምድ ታውቃለህ።

ቅቤውን አውርጄዋለሁ። መሬት ላይ ባስቀምጠው አይጥ በላችው፤ ደስ ይበልህ።

የተጻፈበት ፊቱ ወደ ገዢው ይዙር ትለኛለህ። እዚህ ፊደል የሚያነብ ገዢ ከመሪጌታ በቀር አላየሁም፤ እሳቸውም ሳሙና አይገዙም። (ይህን እኔ ጸሐፊዋ ወልደ ገብርኤል እንደ ነገረችኝ ጻፍሁት። ልዝለለው ብላት ቀለሙን ከፊቴ አንሥታ፣ ካልጻፉት አልመልስም አለችኝ።)

ዕቃህስ ተወዷል። ለአንዲት ክብሪት ሦስት ሱቅ ይዞር የነበረ ሰው ሁሉ አሁን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነው። የቆላ ሰው ሳይቀር ይመጣል። በዚህ እመርቅሃለሁ፤ ለእኔ ማሰብህን አልካድሁም። ነገር ግን የምትሞሉት መቼ ነው? ሸጬ እጠብቃለሁ፣ መኪናችሁ የለም። ፍኖተ ሰላም ካለው መጋዘናችሁ ሰው ብልክ በሩን እንኳ ሳይከፍቱ አልቋል ብለው መለሱት። አቡጀዲው መስመሩን ሊነካ ነው፣ ሳሙናውም እየተከተለው ነው። ገበያተኛው ስጪን ይላል፤ አንተ አይውረድ ትላለህ። በሁለት ጌታ መካከል አቁመኸኛል።

ውል የሁለት ወገን ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ የድርሻዬን ሸጥሁ፤ እናንተ የድርሻችሁን ሙሉ። አለዚያ ምን እንዳደርግ ንገረኝ፣ ቶሎም ንገረኝ።

አክስትህ
ደስታነሽ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ ፴ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ።

እግዚአብሔር ክረምቱን በሰላም ያሳልፍልዎ። እኔ በሥራ ብዛት ደክሜአለሁ እንጂ ደህና ነኝ።

ዓባይ በረሃ ላይ ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘግቶታል። መኪኖቻችን ጎሐ ጽዮን ላይ ቆመዋል። ይህ ደብዳቤም የሚደርስዎ በእግሩ በሚሻገር ሰው ነው። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ከመስመሩ በታች አንዲት ክብሪት እንኳ እንዳይሸጡ። ተቆጣጣሪው መንገዱ ሳይዘጋ ተሻግሮ ስለነበር አሁን እዚያው ጎጃም ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ጅጋ ታከለ ሱቅ ገብቶ ሳሙናው ከመስመሩ ዝቅ ብሎ አገኘው። ታከለ ዝናቡ ነው፣ መንገዱ ነው፣ መኪናችሁ ነው ብሎ ቢለምነው አልሰማውም። ውሉን እፊቱ ቀደደው። ዋሱ ይኸው በየችሎቱ ይንከራተታል።

ውል የሁለት ወገን ነው ብለዋል። ልክ ነው። ነገር ግን መኪና ሲዘገይ ምን እንደሚደረግ ውሉ ላይ የተጻፈ የለም። ውሉን የጻፍሁት እኔ አይደለሁምና በእኔ አይቆጡ። ሰው ቢጠይቅዎ የኩባንያ ዕቃ ነው፣ ከመስመሩ በታች አይሸጥም ይበሉ። ቢያኮርፉም ያኩርፉ። ኩርፊያ ያልፋል፤ የፈረሰ ውል ግን አይመለስም። ለእኔ ባያዝኑ እንኳ ለመሪጌታ እርጅና ይዘኑ።

ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ ነሐሴ ፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክንፈሚካኤል።

ጤናህን ይስጥህ። ከዚህ የበለጠ ሰላምታ ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

ክንዱ ሞተ። ሞት በወረቀት አይነገርም፣ በማለዳ ሽማግሌ ሄዶ ነው የሚያረዳ ብለው መሪጌታ ተቆጡኝ። አንተ ዘንድ ማን ሽማግሌ ልላክ? በወረቀት ስማው። ሐምሌ ሃያ ቀን ከማሳ ሲመለስ ደረቴን አለና ተኛ፤ በማግስቱ አረፈ።

መንገዱ ስለተዘጋ በቡሬ ያለ ሱቅ ሁሉ ጨርቅ አልቆበታል። አቡጀዲ የነበረው በእኔ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ክምሩ ልክ መስመሩ ላይ ቆሟል። እታለም ለመገነዣ ብላ ወንድሟን ላከችብኝ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጄ ላይ ቆመ፤ ዓይኑ አቡጀዲው ላይ ነው። ለአያ ክንዱ ነው አለኝ። እኔም «የኩባንያ ዕቃ ነው፤ ከመስመሩ በታች አይሸጥም» አልሁት። ከእኔ አፍ ወጣ ይህ ቃል። የጅጋውን ታከለን አሰብሁ፣ መሪጌታ በዚህ ዕድሜያቸው ችሎት ሲቆሙ ታዩኝ፣ አንተንም አሰብሁ። ሰውየው ዞሮ ሄደ። ቆይቶ ነው ልቤ የተመለሰው። የራሴን አዲስ ኩታ ይዤ ብሮጥ ደጁን አላስረገጡኝም። ክንዱ በገዛ ጋቢው፣ በዚያ ሲያርስበት በኖረው ጋቢ ተገንዞ ተቀበረ።

ባለፈው እሑድ የሰንበቴ ተራዬ ነበረ። ጠላዬን ጠምቄ፣ ድፎዬን ደፍቼ ቤተ ክርስቲያን አቀረብሁ። ማኅበርተኛው ሁሉ በቦታው ተቀምጧል። ዋንጫውን ይዤ ብዞር የሚቀበለኝ አጣሁ። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ድፎዬ ሳይቆረስ፣ ጠላዬ ሳይቀመስ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ እሳት ልጫር ብዬ የምሄድበት ደጅ የለኝም። ነገ ብሞት የሚያነሣኝ ሰው የለም። ይህን እወቅ።

አጥቼ አውቃለሁ። እያለኝ ነስቼ ግን አላውቅም ነበር፤ አንተ አስተማርኸኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚሉት እኔን ኖሯል። አሁን ፈቃድህን ላክልኝና የቀረውን ልሽጠው። ሙሉ መደርደሪያ ሥር ተቀምጬ የሰው ፊት ማየት አልቻልሁም።

ደስታነሽ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ።

እግዚአብሔር ያጽናዎ። የአያ ክንዱን ሞት አነበብሁ። ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ስገባ ስንቄን በበቅሏቸው ጭነው ያደረሱኝ እርሳቸው ናቸው። አልቅሻለሁ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ግን እኔን የወቀሱበት አልገባኝም። እኔ መሞታቸውን በምን ልወቅ? አንድ ጣቃ መስጠት ካሰቡ ለምን አልሰጡም ነበር? እኔ መስመሩን አሰመርሁ እንጂ እጅዎን አልያዝሁም። አሁን ደግሞ ነገሩ ካለፈ በኋላ የቀረውን ልሽጥ ይሉኛል። ይህማ ሁለተኛ ጥፋት ነው።

ይስሙኝ አክስቴ። መንገዱ ሊከፈት ጥቂት ቀርቶታል፤ ተቆጣጣሪውም ወደ ቡሬ እየመጣ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከመስመሩ ያልወረደ የቡሬው መደርደሪያ ብቻ መሆኑን ለአለቆቼ ነግሬአቸው በጣም ተደንቀዋል። በመስከረም የጎጃምን ሱቆች ሁሉ በእኔ እጅ ሊያደርጉ ነው፤ ሹመቱ ከርስዎ መደርደሪያ ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ይቻላል። ጥቂት ቢታገሡኝ ምን አለበት? የቡሬ ሰው እንደሆነ ዘመን መለወጫ ሲደርስ ሁሉንም ይረሳዋል። እመት እታለምንም እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎሻል ይበሉልኝ።

ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ መስከረም ፭ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክንፈሚካኤል።

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ።

መስመሩን አሰመርሁ እንጂ እጅዎን አልያዝሁም አልኸኝ። መሪጌታ ሲያነቡልኝ የተሳሳቱ መስሎኝ ይድገሙልኝ አልኋቸው። ደገሙልኝ። ያው ነው። ዋስ የሆነ ሽማግሌ አሲዘህ፣ የጅጋውን ሰው አፈራረስ ተርከህ፣ አንዲት ክብሪት እንዳይሸጡ ብለህ ጽፈህ፣ ዛሬ እጅዎን አልያዝሁም! ደህና። እንግዲያው ያልያዝኸው እጄ ምን እንደሠራ ስማ።

ጳጉሜን አምስት ቀን፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሱቄን ከፈትሁና ከላይኛው ክፍል ጀምሬ እስከ ታች ሸጥሁት። መጀመሪያ ማንም አልቀረበኝም። ኋላ አንዲት የቆላ ሴት፣ ነገሩን የማታውቅ፣ ሳሙና ገዛች። ከዚያ ሌላው መጣ። እስከ ማታ ጣውላው ራቁቱን ቀረ። አቡጀዲውን ግን አልሸጥሁትም። ዋጋውን ከራሴ ጥሪት ከሌላው ሒሳብ ጋር ለመጋዘናችሁ አግብቼ፣ ጨርቁን መገነዣ ያጣ ድሃ ሲሞት ይሁን ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት።

ተቆጣጣሪህ ማክሰኞ መጣ። ባዶ ጣውላ አየ። እንደ ሕፃን በእግሩ መሬት መታ። ጣውላውን አስነቅሎ አስጫነ። መሪጌታን እርስዎ ዋሷ ነዎት ወይ ሲላቸው አዎን ነኝ፣ ዕቃህ ተከፍሏል፣ ከዚህ ሌላ የምትሻው ካለ ዳኛ ዘንድ ጥራኝ ብለውት መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። (ይህ እውነት ነው። ስለ ራሴ ስለሆነ ለመጻፍ አፍሬ ነበር፤ ወልደ ገብርኤል።)

በማግስቱ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ ይቅር በይኝ ብዬ እታለም ደጅ ወደቅሁ። ሽማግሎች ተቀመጡ። ብዙ ተነጋገሩና የፈረዱት ይህ ነው። የክንዱ ተዝካር ጥቅምት አምስት ቀን ይወጣል። በዚያ ቀን መስመሩን ያሰመረው ራሱ ይምጣ፣ ከአክስቱ ጎን ድንጋይ ተሸክሞ እታለምን ይቅርታ ይለምን፤ ያን ጊዜ እርቅ ይወርዳል አሉ። እስከዚያ ሰንበቴውም ቀብሩም ለእኔ ዝግ ነው።

እንግዲህ ና። መንገዱ ተከፍቷል፣ አውቶቡሱም ይመጣል። ሌላ ነገር አልጠይቅህም፣ ልብስም ስኳርም አትላክልኝ። አንድ ቀን ትከሻህን አበድረኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ፤ እኔ ለሩቁ ዘመዴ ብዬ የቅርቡን አጥቻለሁ። አንተን ደግሞ እንዳላጣ ና።

አክስትህ
ደስታነሽ


አዲስ አበባ፣ መስከረም ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለወይዘሮ ደስታነሽ።

ጤና ይስጥልኝ።

አዋረዱኝ። ሌላ ቃል የለኝም። የተቆጣጣሪው ወረቀት አለቆቼ ፊት ሲነበብ እዚያው ቆሜ ነበር። ያመሰገንሁት መደርደሪያ ባዶ ጣውላ ሆኖ ተገኘ። ሹመቱ ከእኔ በኋላ ለተቀጠረ ሰው ተሰጠ። አሁን በኮሪደሩ ሳልፍ የቡሬው መጣ እያሉ ይሳሳቁብኛል። እርስዎን ልጥቀም ብዬ በገዛ እጄ ራሴን ጎዳሁ።

ይህ ሳያንስ ድንጋይ ተሸክመህ ተንበርከክ ይሉኛል። ምን አጠፋሁና? ሰው አልገደልሁ፣ ርስት አልነጠቅሁ። የተማርሁ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ የገበሬ ደጅ ላይ በአራት እግሬ ልሂድ? ፈቃድ ጠይቄም ከልክለውኛል።

ሆኖም ውለታ አልረሳም። በተስፋው እጅ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ልኬአለሁ። የኩባንያው አይደለም፣ መርካቶ ሄጄ በራሴ የገዛሁት ነው፤ ክምር ውስጥ ካለው ሁሉ የተሻለውን መርጬ። በተዝካሩ ቀን ለእመት እታለም ይስጡልኝ። የጎደለው ጨርቅ ከሆነ ይኸው ጨርቅ። ነገሩ በዚህ ይዘጋ።

ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ ጥቅምት ፯ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክንፈሚካኤል።

እግዜር ይጠብቅህ። እናትህ እህቴ ናትና ይህን መቼም አልተውም።

ተዝካሩ ወጣ። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ወደ ዳሱ ሳይገባ ሽማግሎቹ ደጁ ላይ ተቀመጡ። እኔ ድንጋዬን ተሸክሜ ተንበረከክሁ። ከጎኔ ላንተ የተመረጠውን ድንጋይ አስቀመጡት፤ የወጣት ትከሻ ነው ብለው ከበድ ያለውን ነበር የመረጡልህ። ጠበቅንህ። መኪና በተሰማ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ይዞራል፤ እኔም ከነድንጋዬ እዞራለሁ። ቀትር ሲሆን ተስፋው መጣ። ብቻውን ነው፣ ጥቅል ይዟል። መምጣት አልቻለም፣ ይህን ልኳል አለ። አንዱ ሽማግሌ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

ያፈርሁትን እፍረት ላንተ መንገር አልችልም። መሪጌታ ይህን አይተው ተነሡ። ዋሱ እኔ ነኝ ብለው ያንተን ድንጋይ ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። በዚህ ዕድሜያቸው። እታለም ሮጣ መጥታ እጃቸውን ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ድንጋዩን በገዛ እጇ ከትከሻዬ አወረደችው። ሽማግሎቹ ልጁ ሳይመጣ እንዴት ይሆናል አሏት። ይቺ ደጄ መጥታለች፣ ያየሁት እሷን ነው አለች። ግንባሬን ሳመችኝ። ዳስ አስገብታ ከአጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ ያቀረብሁት ድፎም ተቆረሰ። እኔ ቅር የሚለኝ ነገር የለኝም፣ ሰንበቴዬም ቀብሬም ተመልሶልኛል።

ወደ ማታ እንግዳው ሲቀል ጥቅሉን አምጡልኝ አለች። ፈታችው። ዳር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው። መልካም ጨርቅ ነው አለች፤ በንዴት አይደለም፣ እንዲያው እንደ ገዢ ነው። ከክርኗ እስከ ጣቷ እያደረገች ለካችው። ከዚያ እንደ ነበረ አጥፋ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ።

«ለልጅሽ መልሽለት» አለችኝ። «ያስቀምጠው። በሱ ቀን የሚሸጥለት ሰው ላይኖር ይችላል።»

መሪጌታ ይህን አልጽፍም ብለው ብዙ ተከራከሩኝ፤ እርግማን ይመስላል አሉ። እርግማን አይደለም። እሷ እንደ መከረችህ ነው የተናገረችው፤ እኔም እንደ ሰማሁት አስጻፍሁት። ጨርቁን በተስፋው እጅ መልሼልሃለሁ። አልተቆረጠም። እታለም ለክታዋለች፣ ለአንድ ሰው ይበቃል።

አክስትህ
ደስታነሽ